ዕድሜና ፕሮግራም የመጻፍ ችሎታ

ምዕራፍ ዐሥራ አንድ

የምዕራፉ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ ሲያጠናቅቁ አከራካሪ ጉዳይን የሚመረምር ጽሑፍ አንብበው ዋናውን ሐሳብ ከማስረጃው ለይተው ያስረዳሉ፤ አዳዲስ ቃላትን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ይጠቀማሉ፤ በማስረጃ የተደገፈ ድርሰት ይጽፋሉ።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።

1. «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እና «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» የተባሉት ምሳሌያዊ አነጋገሮች መቼና ለማን ይነገራሉ?
2. አንድን ሙያ ለመማር የተወሰነ ዕድሜ አለ ብላችሁ ታምናላችሁን? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ለ. ምንባብ

(በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አበው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲሉ በወጣት እጅ የተጀመረ ሥራ ከፍጻሜ መድረሱን መጠራጠራቸው ነው። እነርሱው ደግሞ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» እያሉ በስተርጅና አዲስ ነገር የሚጀምረውን ሰው ይተርቡታል። እነዚህን ሁለት አነጋገሮች አንድ ላይ አጥብቆ የያዘ ኅብረተሰብ ለሰው የሚተውለት የሥራ ዘመን እጅግ አጭር ነው፤ ወጣቱን «ገና ነህ» ይለዋል፤ አዛውንቱን «አለፈብህ» ይለዋል።

በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሙያ ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አጋድሏል። በዚህ ሙያ ወጣቱ ይወደሳል፤ በዕድሜ የገፋው ይጠረጠራል። ከዚህም የተነሣ የ45 ዓመት መምህር ፕሮግራም መጻፍ ለመማር ቢያስቡ «ይህ የልጆች ነገር ነው» የሚል መልስ ያጋጥማቸዋል። የ16 ዓመት ተማሪ እንኳ «ሌሎች በልጅነታቸው ጀምረውት የለምን? እኔማ ዘግይቻለሁ» ብሎ ሳይሞክረው ይተወዋል። በሐምሌ ወር 2024 በኢትዮጵያ አምስት ሚሊዮን ሰዎችን በዚህ ሙያ ለማሠልጠን የታቀደ መርሐ ግብር ይፋ በሆነበት ዘመን፥ ጥያቄው ከእኛ የራቀ አይደለም። እንግዲህ ዕድሜ በእርግጥ ችሎታን ይወስናልን?

አስቀድሞ ሙያው ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት። ኮምፒዩተር የታዘዘውን በቅደም ተከተል የሚፈጽም መሣሪያ ነው፤ ፕሮግራም ማለትም ይህ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት፥ ቡና አፍልቶ ለማያውቅ ሰው ሥራውን የምናስረዳ እንበል። «ቡና አፍላ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ እጠብ፣ ቁላ፣ ውቀጥ፣ ውኃውን ጣድ፣ ሲፈላ ጨምር፣ እስኪሰክን ጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ ቅዳ ማለት ያስፈልጋል። «እስኪሰክን ጠብቅ» የሚለው ትእዛዝ ቢረሳ አተላው ከሲኒው ይገባል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም እንዲሁ አንድን ችግር በጥቃቅን ደረጃዎች ይከፋፍላል፤ ደረጃዎቹን ያሰልፋል፤ ውጤቱ ሲበላሽ የተሳሳተው ትእዛዝ የትኛው እንደሆነ በትዕግሥት ይፈልጋል። ችግርን መረዳት፣ ሐሳብን ማሰለፍ፣ ስሕተትን መፈለግ፤ ከሦስቱ አንዱም ለአንድ የዕድሜ ክልል ብቻ የተሰጠ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሙያው የወጣቶች ነው የሚሉ ሰዎች ማስረጃ የላቸውም ማለት አይደለም። ቢል ጌትስ በ1968 በ13 ዓመቱ በትምህርት ቤቱ ከኮምፒዩተር ጋር ተዋወቀ፤ በ1975 ከጓደኛው ከፖል አለን ጋር አልቴር ለተባለችው አነስተኛ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲጽፍ ዕድሜው ገና 19 ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ይህ ሥራ ዛሬ በብዙ ሚሊዮን የእጅ ስልኮች ውስጥ ይገኛል።

እነዚህን ምሳሌዎች ስንመረምር ግን ሁለት ነገሮችን እናስተውላለን። አንደኛ፥ በ1975 አነስተኛ ኮምፒዩተር ለሁሉም አዲስ ነበረ፤ በእርሱ ላይ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ስለዚህ ወጣቱና አዛውንቱ ከአንድ መስመር ተነሡ፤ ቤተሰብ የማስተዳደር ሸክም የሌለበትና ሌሊቱን ሙሉ ሊሠራ የሚችለው ወጣት ቀደመ። ያቀደመው ግን ከአእምሮው ይልቅ ጊዜው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፥ ወጣቶቹ በዚያው አላቆሙም። ሊኑክስ በ2021 ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ቶርቫልድስ የ51 ዓመት ሰው ነበር፤ ሥራውን የሚመራውም እርሱ ራሱ ነበር።

ከዚህ ቀጥለን በተቃራኒው ወገን ያሉትን እንይ። ግሬስ ሆፐር በታኅሣሥ 1906 በኒውዮርክ ተወለዱ፤ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመ ጊዜ የአሜሪካን ባሕር ኀይል ለመቀላቀል ሲጠይቁ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ክብደታቸውም ከሚፈለገው ያንሳል የሚል እንቅፋት ገጠማቸው። በመጨረሻ በ1943 መጨረሻ ላይ ተፈቀደላቸው። በ1944 ወደ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተልከው ማርክ አንድ በተባለው፥ ርዝመቱ ከ15 ሜትር በሚበልጠው የሒሳብ መኪና ላይ መሥራት ሲጀምሩ 37 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መኪና በዐይናቸው አይተው አያውቁም ነበር።

በዚያ ዘመን ፕሮግራም የሚጻፈው በቁጥርና በምልክት ነበርና ሥራው አድካሚ፣ ለስሕተትም የተጋለጠ ነበር። ሆፐር በ1952 በ45 ዓመታቸው፥ የተዘጋጁ የትእዛዝ ክፍሎችን ኮምፒዩተሩ ራሱ ሰብስቦ እንዲያያይዝ የሚያደርግ ኮምፓይለር የተባለ ፕሮግራም ሠሩ። ቀጥሎም የእንግሊዝኛ ቃላትን የሚቀበል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጁ። ይህም በ1959 ለተጀመረው ኮቦል ለተባለው ቋንቋ መሠረት ሆነ። በ1966 በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ፤ ነገር ግን ባሕር ኀይሉ ካለ እርሳቸው ሥራው ስላልተሳካለት በ1967 ለስድስት ወር ብሎ መልሶ ጠራቸው። ስድስቱ ወር ዓመታትን ወለደ። ከባሕር ኀይል በመጨረሻ የተሰናበቱት በ1986 በ79 ዓመታቸው፥ በሪር አድሚራልነት ማዕርግ ነው። ከዚያም በኋላ በ1992 እስካረፉበት ቀን ድረስ በአንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል።

ሌላው ምሳሌ ዶናልድ ክኑት ናቸው። እኚህ አሜሪካዊ ሊቅ በ1938 ተወልደው በ1962 በ24 ዓመታቸው ስለ ፕሮግራም ጥበብ አንድ ታላቅ መጽሐፍ መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው ክፍል በ1968 ታተመ፤ የቅርቡ ክፍል ደግሞ በ2022 የ84 ዓመት አዛውንት ሳሉ ወጣ። በወጣትነት የተተከለው ችግኝ በሽምግልናም ፍሬ መስጠቱን አላቋረጠም።

ሆፐርና ክኑት በሒሳብ ትምህርት የበለጸጉ ሊቃውንት ስለሆኑ ምሳሌነታቸው ለተራው ሰው አይሆንም የሚል ቢኖር፥ የጃፓንዋን ማሳኮ ዋካሚያን ይመልከት። ዋካሚያ በ1935 ተወልደው ዕድሜያቸውን በባንክ ሠራተኛነት ያሳለፉ ሴት ናቸው። ኮምፒዩተር የገዙት ጡረታ በሚወጡበት ጊዜ፥ ወደ 60 ዓመት ሲጠጉ ነበር፤ እናታቸውን ለማስታመም ከቤት መዋል ስለነበረባቸው ከሰው ጋር መነጋገሪያ እንዲሆናቸው ነው። ውሎ አድሮ በእጅ ስልክ ላይ የሚገኙት ጨዋታዎች ለአረጋውያን የማይመቹ መሆናቸውን አስተዋሉ። ሌላ ሰው ይሠራልኛል ብለው ከመጠበቅ ይልቅ በዕድሜ እጅግ ከሚያንሷቸው እየተማሩ ፕሮግራም መጻፍን ለመዱ፤ በ2017 በ81 ዓመታቸውም ሂናዳን የተባለውን ጨዋታ ለሕዝብ አቀረቡ። ጨዋታው በጃፓን የልጃገረዶች በዓል የሚደረደሩትን አሻንጉሊቶች በየማዕርጋቸው ማስቀመጥ ነው። ፈጣን ጣት አይጠይቅም፤ ባህልን ማወቅ ግን ይጠይቃል። አረጋውያን ምን እንደሚቸግራቸው በሚገባ ያወቀ ሰው የሠራው መሆኑ ከአሠራሩ ይታያል።

ጥቂት ምሳሌዎች ግን ደንብ አይሆኑም። ዝሆን አንድ ጊዜ በከተማ ቢታይ ከተማ የዝሆን አገር ነው እንደማይባል ሁሉ፥ የጥቂት ብርቱ አዛውንቶች ታሪክም ዕድሜ ምንም ለውጥ አያመጣም ለማለት አያበቃም። ስለዚህ ወደ ጥናት እንሻገር።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት የአእምሮን ችሎታ በሁለት ከፍለው ይመለከቱታል። አንደኛው አዲስ ነገርን በፍጥነት የማገናዘብ ችሎታ ነው፤ ይህ ከወጣትነት በኋላ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው በትምህርትና በኑሮ የተከማቸ ዕውቀት ነው፤ ይህ ደግሞ ለብዙ ዓመታት እየጨመረ ይሄዳል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቲሞቲ ሶልትሃውስ በ1984 ባወጡት ጥናት ሁለቱ እንዴት እንደሚደጋገፉ አሳይተዋል። ጥናቱ የተደረገው ከ19 እስከ 72 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ታይፒስቶች ላይ ነው። በዕድሜ የገፉት ለአንድ ምልክት ፈጥነው መልስ እንዲሰጡ ሲፈተኑ ከወጣቶቹ ዘገዩ፤ በጽሕፈት ሥራቸው ግን አልዘገዩም። ምክንያቱ ሲመረመር፥ አንጋፋዎቹ ጣታቸው አንዱን ፊደል ሲመታ ዐይናቸው ከወጣቶቹ ይልቅ ወደፊት ርቆ የሚመጣውን ጽሑፍ ያነብ ነበር። ወደፊት ማየት እንዳይችሉ ጽሑፉ ሲሸፈንባቸው ግን ፍጥነታቸው ቀነሰ። ጣት የነፈጋቸውን ልምድ ካሳቸው ማለት ነው።

ፕሮግራምን በሚመለከትም በ2013 በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፥ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እርስ በርሳቸው ጥያቄና መልስ ከሚለዋወጡበት መድረክ የብዙ ሺህ ሰዎችን መረጃ መረመሩ። ሰዎቹ በመልሳቸው ያገኙት ነጥብ ከዕድሜያቸው ጋር እየጨመረ እስከ 50ዎቹ ዓመታት መዝለቁን አገኙ። በአዳዲስ ቴክኖሎጂ ረገድም አንጋፋዎቹ ከወጣቶቹ የሚያንሱ ሆነው አልተገኙም። ይሁንና ይህን ውጤት በጥንቃቄ መቀበል ይገባል፤ ሙያውን ትተው የሄዱ ሰዎች በመድረኩ ላይ ስለማይገኙ፥ የተቆጠሩት አንጋፋዎች ሥራቸውን የሚወዱና የጸኑ ሊሆኑ ይችላሉ። ያም ሆኖ፥ ዕድሜ ብቻውን ዕውቀትን ያጠፋል ለሚለው እምነት ድጋፍ አልተገኘም።

አንጋፋዎችን መግፋት ምን ያህል ጉዳት እንዳለው ሥራው ራሱ አሳይቷል። በቀድሞ ዘመን የኮምፒዩተር ማኅደር ውድ ስለነበረ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ዓመትን በሁለት አኀዝ ብቻ ይጽፉ ነበር፤ 1935 «35»፣ 1999 «99» ይሆናል። በ1935 የተወለደ ሰው ዕድሜ በ1999 ሲሰላ 99 ሲቀነስ 35፥ ማለትም 64 ይሆናል፤ ልክ ነው። በ2000 ግን «00» ሲቀነስ «35» ከዜሮ በታች 35 ይሆናል። የባንክና የጡረታ ሒሳብ እንዳይዛባ በብዙ አገሮች የቆዩ ፕሮግራሞችን የሚያውቁ ጡረተኞች ተፈልገው ተጠሩ። በ2020ም የኮሮና ወረርሽኝ ብዙ ሰዎችን ከሥራ ሲያፈናቅል፥ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት የሥራ አጦችን መደጎሚያ የሚያሰላው አሮጌ ኮምፒዩተር በጥያቄ ብዛት ተጨናነቀ። የግዛቱ አስተዳዳሪም ኮቦልን የሚያውቁ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲረዱ በአደባባይ ጥሪ አደረጉ። ዕርዳታ የሚጠባበቁት ቤተሰቦች እንጀራ በአንጋፋዎች ዕውቀት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስንል ዕድሜ በራሱ ሙያ ነው ማለታችን አይደለም። አንድ በሬ ለሃያ ዓመት ያንኑ አውድማ ቢዞር ሌላ አገር አያውቅም፤ ሃያ ዓመት አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ሲደጋግም የኖረ፥ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ፊቱን የሚያዞር ፕሮግራም ጸሐፊም እንዲሁ ነው። ደግሞም ጎልማሳው የሚያጋጥሙት እውነተኛ ችግሮች አሉ። አዲስ ነገር ለመያዝ ከወጣቱ የበለጠ መደጋገም ሊያስፈልገው ይችላል፤ የቤተሰብ ኀላፊነት የጥናት ሰዓቱን ይሻማዋል፤ ከሁሉም በላይ አሠሪዎች ገና ማመልከቻውን ሳያነቡ ዕድሜውን ያያሉ። ይህ የመጨረሻው በደል በሙያው ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ አሜሪካ በ1967 ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 65 ዓመት የሆኑ ሠራተኞች በዕድሜያቸው ምክንያት እንዳይገፉ የሚከለክል ሕግ ያወጣችው ችግሩ ቀላል ስላልነበረ ነው።

ከላይ ከተመለከትነው የምንረዳው፥ «ይህን ሥራ የሚችለው ወጣት ነው ወይስ አዛውንት?» የሚለው ጥያቄ በተሳሳተ መንገድ የቀረበ መሆኑን ነው። ፍጥነትን ወጣትነት ይሰጣል፤ ማስተዋልን ልምድ ያካብታል፤ ሁለቱንም ግን ከንቱ የሚያደርጋቸው ትምህርትን ማቆም ነው። በመሆኑም ለአንድ ሰው ሥራ ወይም የትምህርት ዕድል ለመስጠት ስናስብ፥ ልንመዝነው የሚገባን የሠራውንና ለመማር ያለውን ትጋት እንጂ የተወለደበትን ዓመት አይደለም። ዛሬ በ16 ዓመቱ «ዘግይቻለሁ» የሚል ተማሪ፥ በ37 ዓመታቸው የጀመሩትን ሴት ያስብ፤ ነገ እርሱ ራሱ በ45 ዓመቱ ሌላ አዲስ ሙያ መማር ሊኖርበት ነውና፥ ዛሬ በአዛውንቱ ላይ የሚዘጋው በር ነገ በራሱ ላይ የሚዘጋ በር ነው።

ሐ. የቃላት ፍቺ

አጋደለ፦ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ።
ተረበ፦ በቀልድ እያዋዛ ነቀፈ።
አንጋፋ፦ በዕድሜ ወይም በሙያ ቀዳሚ የሆነ።
ማገናዘብ፦ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር እያነጻጸሩ ማሰብ።
አካበተ፦ ጥቂት በጥቂት ሰብስቦ አከማቸ።
ማኅደር፦ በዚህ ምንባብ፥ የኮምፒዩተር መረጃ የሚቀመጥበት ክፍል።

መልመጃ አንድ

በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ጸሐፊው በ1975 ወጣቱ ሊቀድም የቻለበትን ምክንያት እንዴት ያስረዳል?
2. ታይፒስቶቹ ጽሑፉ ሲሸፈንባቸው ፍጥነታቸው መቀነሱ ምን ያረጋግጣል?
3. የ2013ቱን ጥናት ውጤት በጥንቃቄ መቀበል የሚገባው ለምንድን ነው?
4. ጸሐፊው የዝሆኑን ምሳሌ ያመጣው ምን ለማስረዳት ነው?
5. በ1948 የተወለደ ሰው ዕድሜ ዓመትን በሁለት አኀዝ በሚጽፍ ፕሮግራም በ1999 እና በ2000 ቢሰላ ስንት ስንት ይሆናል?

መልመጃ ሁለት

የሚከተሉትን «እውነት» ወይም «ሐሰት» በማለት መልሱ፤ ሐሰት የሆነውን አርሙ።

1. ግሬስ ሆፐር በ1966 ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደ ባሕር ኀይል አልተመለሱም።
2. ማሳኮ ዋካሚያ ፕሮግራም መጻፍን የተማሩት በባንክ ሥራ ላይ ሳሉ ነው።
3. የተከማቸ ዕውቀት ለብዙ ዓመታት እየጨመረ ይሄዳል።
4. ጸሐፊው ዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ ከወጣት የተሻለ ፕሮግራም ይጽፋል ብሎ ያምናል።

መልመጃ ሦስት

«ይሁን እንጂ»፣ «በመሆኑም»፣ «ያም ሆኖ» እና «ከዚህም የተነሣ» የተባሉትን አያያዥ ቃላት ከምንባቡ ውስጥ አውጡ። የትኞቹ ተቃርኖን፣ የትኞቹ ውጤትን እንደሚያመለክቱ ለዩ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

መልመጃ አራት

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ከ200 ቃላት ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። ሐሳባችሁን ቢያንስ በሁለት ማስረጃዎች ደግፉ፤ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብም አንድ ጊዜ አንሥታችሁ መልስ ስጡበት።

1. «አዲስ ሙያ ለመማር የሚያልፍ ዕድሜ የለም።»
2. «በአካባቢዬ ወጣቱና አንጋፋው አብረው ቢሠሩት የሚሻሻል ሥራ።»